የቁስቋሙ የለንደን ተማሪ

በ፲፱፻፸፪ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ስድስት ቀን፣ የቁስቋም ማርያም ዓመታዊ በዓል ዓርብ ዋለ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ዳገት ነጭ በለበሰ ሕዝብ ተሸፍኖ ነበር፤ ታቦቱ ሲዞር የመዘምራኑ ዜማ ከባሕር ዛፉ መካከል እየወጣ እስከ ታችኛው ጉለሌ ድረስ ይሰማል፤ የቀበሌ ጥበቃዎችም ጠመንጃቸውን አንግተው ከቅጥሩ ውጭ ቆመው የመጣውንና የቀረውን የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

ከቀሩት መካከል አንዱ ባላምባራስ ዓምሃ ተክለሃይማኖት ነበሩ። ክርስትና የተነሡት በዚያው ደብር ነው፤ ቤታቸውም ከደብሩ በታች ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው ነው፤ ሆኖም በዚያ ጧት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ሕዝብ በመሐል እየሰነጠቁ ቁልቁል ወረዱ። የሚያውቋቸው ሰዎች ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ይነሷቸዋል፤ ቆሞ የሚያነጋግራቸው ግን አልነበረም። ይህም ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ ሐዘኑ በይፋ ያልተለቀሰለትን ሰው ምን ብለው እንደሚያጽናኑት ስለማያውቁ ነው።

ባላምባራስ በዚያ ዓመት አርባ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። በልጅነታቸው ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለሃይማኖት ዘንድ ፍትሐ ነገሥት ተምረዋል፤ በኋላም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው ከለንደን ይመጣ የነበረውን የጂ.ሲ.ኢ. ፈተና አልፈዋል፤ ከዚያም በጸሐፊነት ጀምረው፣ ሬጅስትራር ሆነው፣ በመጨረሻ በጉለሌ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ከተሾሙ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ማዕረጋቸው ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ቢሻርም ሰፈሩ ሊነጥቃቸው አልፈለገም፤ በመሥሪያ ቤት ግን እንደማንኛውም ሰው «ጓድ» ነበሩ።

የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ዳኛ ስለሺ የሚባል፣ ከስድስት ኪሎው የሕግ ፋኩልቲ የተመረቀ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ባላምባራስ ሲገቡ ከወንበሩ ተነሣ፤ መነሣቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የተጠራጠረ ይመስል ወዲያው ተቀመጠ።

«ይቀመጡ ጓድ ዓምሃ።»

«ቆሜ ብሰማ ምንም አይደል።»

«ትናንት ከበላይ ሰርኩላር ደርሶናል። የሕግ ዲግሪ የሌላቸው የወረዳ ዳኞች እስከ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ዲግሪ ይዘው ካልቀረቡ፣ ከችሎት ተነሥተው መዝገብ ቤት ይመደባሉ ነው የሚለው።»

«አሥራ አራት ዓመት ፈርጃለሁ።»

«እኔ አላልኩም፤ ወረቀቱ ነው ያለው።» ስለሺ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለንደን ዩኒቨርሲቲ በተልዕኮ የሚሰጠው ነው፤ መጻሕፍቱ በፖስታ ይመጣሉ፤ ቤትዎ ሆነው ያነባሉ፤ ፈተናው እዚሁ አዲስ አበባ ይሰጣል። የሚያስተምሩት ግን የራሳቸውን የእንግሊዞቹን ሕግ ነው። ሁለተኛው ያገራችን ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ አምስት ዓመት። ለእርስዎ ይኼኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ከዚህ በእግር ይደርሳሉ፤ እኔም የተማርኩት እዚያው ስድስት…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። የስድስት ኪሎ ስም በዚህ ሰው ፊት እንደማይነሣ በፍርድ ቤቱ ውስጥ ከዳኛ እስከ ችሎት አስከባሪ የማያውቅ አልነበረም።

ባላምባራስ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስሟ ጽጌረዳ ነው። በ፲፱፻፷፮ የሕግ ፋኩልቲ ገባች፤ ዕድገት በኅብረት ዘምታ ሁለት ዓመት በከፋ ገጠር ቆየች፤ በ፷፱ ተመልሳ ሁለተኛ ዓመቷን ጀመረች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ፣ በቀትር፣ ከትምህርት ወጥታ የግቢውን በር እንዳለፈች ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር ጭነው ወሰዷት። አብረዋት የነበሩት ጓደኞቿ ለወላጆቿ ለመናገር እንኳ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥራ አንድ ሳምንታት እናቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ስንቅ ቋጥረው ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ተንከራተቱ፤ በየደጃፉ «እዚህ የለችም» ተባሉ። በሐምሌ አጋማሽ ባላምባራስ ወደ አንድ ቢሮ ተጠርተው አንድ ሹራብና አንድ ጥንድ ጫማ ተሰጣቸው፤ መቀበላቸውንም ፈረሙ። የመዝገብ ቁጥር እንዲነገራቸው ጠየቁ። መዝገብ የለም ተባሉ።

ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። በማግሥቱ ባላምባራስ ወደ ችሎታቸው ተመለሱ፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ሰበታ ገዳም ገብተው መነኮሱ። እንግዲህ ባላምባራስ በቁስቋሙ ቤት ብቻቸውን ቀሩ።

ብቻቸውን ቢባልም በግቢው ውስጥ አንድ ደባል ነበራቸው። ኢታና ቶለሳ ይባላል፤ ከወለጋ የመጣ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሆነ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ሃይማኖቱ ፕሮቴስታንት ነው። የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ወዲህ ከጥቂት ወንድሞችና እኅቶች ጋር በየቤቱ እየተገናኘ ድምፁን ቀንሶ ይጸልያል፤ ባላምባራስም የኦርቶዶክስ ልጅ ቢሆኑ አንድ ቀን «በግቢዬ አይሆንም» አላሉትም። ምን እንደሚያደርግ እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ፤ እሱም ስለዚህ ያከብራቸዋል።

ኢታና ስለ ሰርኩላሩ በሰማ በሳምንቱ ሁለት ፎርም ይዞ መጣ።

«ባላምባራስ፣ ለሚመጣው ዓመት የሚሞላ ነው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእርስዎ። አብረን እንወርዳለን፣ አብረን እንወጣለን።»

«አንተን ቀበሌው ደብዳቤ ይጽፍልሃል?»

«ሊቀ መንበሩ ጴንጤ ነው ብሎ መዝግቦኛል። ግን ሆስፒታሉ የድጋፍ ደብዳቤ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። ከገፉኝም ገፉኝ፤ ልሞክር።»

ባላምባራስ ፎርሙን ተቀብለው አነበቡት። ከዚያ አጥፈው መለሱለት።

«አንተ ሂድ ልጄ። እኔ የለንደኑን መርጫለሁ።»

«ብቻዎን እንዴት ይዘልቁታል? ያልገባዎትን ማንን ይጠይቃሉ?»

«የኛ ሕግ ዛሬ ባንድ አዋጅ ይወጣል፣ ነገ በሌላ አዋጅ ይሻራል። የነሱ ሰባት መቶ ዓመት ቆሟል። ዳኛ ለሆነ ሰው የሚበጀው የቆመ ነገር መማር ነው።»

ኢታና ፎርሙን ኪሱ ከተተ፤ ምክንያቱ ለዳኛ የሚገባ ምክንያት ነበርና። እውነተኛውን ምክንያት ግን ባላምባራስ ለራሳቸውም ጮክ ብለው አልተናገሩትም። በስድስት ኪሎው አዳራሽ የሚቀመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ የጽጌረዳ እኩዮች ናቸው፤ የሚቀመጡበትም ወንበር እሷ የተቀመጠችበት ሊሆን ይችላል። ለንደን ግን ሩቅ ነው። ለንደን የማንንም ልጅ አያውቅም።

የመጀመሪያው ጥቅል የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ነው። ተከፍቶ እንደገና ታሽጎ ነበር፤ ከአንዱ መጽሐፍ መቅድሙ ተቀዶ ወጥቷል፤ የቀደደው ሰው በእንግሊዝ ሕግ መቅድም ውስጥ ምን አደጋ እንዳየ አልታወቀም። ባላምባራስ የመኝታ ቤቱን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት፣ ከሥራ እንደተመለሱ ራታቸውን ቀማምሰው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው ኖሩ።

ትምህርቱ ለኑሯቸው ባዕድ ነበር። መሬት ሁሉ የሕዝብ በሆነባት አገር፣ ትርፍ ቤት በተወረሰባት ከተማ ተቀምጠው፣ እንግሊዛውያን መሬታቸውን ለልጅ ልጅ እንዴት እንደሚያወርሱ ሸመደዱ። በመጀመሪያ ቃላቱን በልባቸው ያነቡ ነበር፤ በኋላ ግን የገዛ ድምፃቸውን ለመስማት ሲሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ሰው የሌላውን ንብረት በእምነት ስለሚይዝበት ሥርዓት የሚናገረውን ክፍል ሲጨርሱ ከኅዳጉ ላይ በአማርኛ «አደራ» ብለው ጻፉበት፤ ከዚያም ያንን መጽሐፍ ለብዙ ቀናት አልገለጡትም።

ሌላም የማይገልጡት ክፍል ነበር። ስለ ሕገ መንግሥት በሚያስተምረው መጽሐፍ ውስጥ፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ዘመዱ እንዴት አቤት እንደሚል የሚያስረዳ አንድ ምዕራፍ አለ፤ ባላምባራስ እዚያ ሲደርሱ ገጾቹን በአንድነት ይዘው ያልፉታል።

የፈተናው ቀን በሰኔ ነው። ትልቅ አዳራሽ፣ አርባ ያህል ጠረጴዛ፣ አንድ ተፈታኝ። የተመደበው ፈታኝ ሽማግሌ የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበር፤ ሰዓቱን በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ደንቡን ለባዶዎቹ ወንበሮች ጭምር በሚሰማ ድምፅ አንብቦ፣ ባላምባራስን በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ጠርቶ ወረቀቱን ሰጣቸው። በመጀመሪያው ዓመት አለፉ። በሁለተኛው ዓመት በአንድ ትምህርት ወደቁ፤ ያ የዘለሉት ምዕራፍ ጥያቄ ሆኖ ወጥቶ፣ ገጹን ባዶውን አስረክበው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ምዕራፉን እንደ ዳዊት ሸምድደው፣ ትርጉሙን ሳያዩ ጻፉትና አለፉ። አንድ ዓመት ብቻ ቀራቸው።

ኢታና በዚያው ጊዜ ስድስት ኪሎ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሑድ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ በኩል ብቅ ብሎ የውል ሕግ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም መጽሐፋቸውን ዘግተው ከችሎት ልምዳቸው እየጠቀሱ ያስረዱታል፤ በሳምንቱ ውስጥ ከሰው ጋር በእርጋታ የሚነጋገሩት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። በ፸፭ ግን ኢታና ሚስት አግብቶ ሸጎሌ ቤት አገኘና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባላምባራስ ከቅዳሜ ቀትር እስከ ሰኞ ጧት አንድ ቃል ለሰው ሳይናገሩ የሚያልፉበት ሳምንት በዛ። አንድ ሰኞ ችሎት ላይ የመጀመሪያውን መዝገብ ሲጠሩ ድምፃቸው ሻክሮ አልወጣ አለ፤ ጸሐፊው ውኃ አመጣላቸው።

በ፸፮ ጥቅምት፣ እሑድ ቀን፣ ኢታና ሳይጠራ መጣ። ተቀመጥ ሲሉት አልተቀመጠም።

«ባላምባራስ፣ ልንገርዎት ወይስ ልተወው ብዬ ሳምንት ሙሉ ሳስብ ነበር።»

«ተናገር።»

«የሥነ ሥርዓት ሕግ መምህራችን መምህር ስብሐት ይባላሉ። የት ነው የምትኖረው ብለው ሲጠይቁኝ ሸጎሌ፣ ድሮ ግን ቁስቋም ነበርኩ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ከክፍል በኋላ ጠርተው፣ ‹ዓምሃ የሚባሉ ዳኛ ታውቃለህ?› አሉኝ።» ኢታና አንገቱን ደፋ። «የልጅዎ የፈተና ወረቀት እሳቸው ዘንድ አለ። በስልሳ ዘጠኝ ጥር የተፈተነችው ነው። ይዤው እንዳልመጣ ፈራሁ፣ እንዳልጥለውም ፈራሁ ብለዋል።»

ባላምባራስ በጠረጴዛው ላይ የተገለጠውን መጽሐፍ ዘጉ። ከዚያ፣ «ነገ ከሥራ በኋላ የት ነው የሚገኙት?» ብለው ጠየቁ።

በማግሥቱ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ከስድስት ዓመት ከስድስት ወር በኋላ፣ ባላምባራስ ዓምሃ የስድስት ኪሎውን በር ገቡ። በሩ ላይ ጥቂት ቆሙ፤ ልጃቸው የተያዘችበት ቦታ የትኛው እንደሆነ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ፣ ሁሉንም ቦታ በየተራ ተመለከቱት።

መምህር ስብሐት ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። በባዶ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ጠበቃቸው። ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ከስልሳ ተማሪ ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት ለእሷ ብቻ ነበር። ልመልስላት ስል…»

ባላምባራስ ከፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ ለንደን በሦስት ዓመት ያስተማራቸው እንግሊዝኛ ይህን ለማንበብ በቃቸው። ጥያቄው እንዲህ ይል ነበር፤ አንድ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዞ የት እንዳለ ባይታወቅ ዘመዱ ምን ማድረግ ይችላል? ጽጌረዳ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር አንድ መቶ ሰባ ሰባትን ጠቅሳ መልሳለች፤ አቤቱታው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ በመሐላ እንደሚደገፍ፣ ዳኛውም ያሰረውን ሰው ጠርቶ «አቅርበው» ሊለው እንደሚገባ በደቃቃ ጽሕፈቷ ዘርዝራለች። ከታች ደግሞ አንድ መስመር ጨምራለች። «ዳኛው ሊያስቀርበው ባይችል እንኳ አቤቱታው ይቅረብ፤ ሰውዬው እንደነበረና እንደተፈለገ የሚመሰክር አንድ መዝገብ ይከፈታልና።»

ባላምባራስ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ጫኑበት።

«ይህን ቁጥር አውቀው ነበር» አሉ።

መምህሩ ያልገባው መስሎ ቀና ብሎ አያቸው።

«አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አውቀው ነበር መምህር። ከችሎቴ እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወረቀትም ብዕርም በእጄ ነበረ። ዝም በል፣ አንተንም ይወስዱሃል አሉኝ፤ ዝም አልኩ። በፍየል ሌባ ላይ ስፈርድ ከረምኩ።»

«ቢጽፉ ኖሮ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።»

«መዝገብ ይከፈት ነበር» አሉ ባላምባራስ።

መምህር ስብሐት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔም ፈርቼ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያልመጣሁት» አለ ዝግ ብሎ። ተማሪዎች መግባት ሲጀምሩ ባላምባራስ ወረቀቱን ደረት ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

በዚያው ሳምንት የማታውን ትምህርት ፎርም ሞሉ። ስለሺ ይህን ሲሰማ ቢሮው ድረስ አስጠራቸው።

«ጓድ ዓምሃ፣ ለንደኑ አንድ ዓመት ነው የቀረዎት። በሚመጣው ሰኔ ይጨርሱታል፤ ወንበርዎ ይጸናል። አሁን ያገሩን ከአንደኛ ዓመት ቢጀምሩ በሰማንያ ነው የሚጨርሱት። ሰርኩላሩ አይጠብቅዎትም፤ እኔም ላስጠብቅልዎ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንድ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ አለ። መልሱ ያለው በዚህ አገር ሕግ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ሄጄ ስፈልግ ነበር።»

ስለሺ አልገባውም፤ የገባው ሽማግሌ ባልደረባው መወሰኑ ብቻ ነው። በ፸፯ ማብቂያ ትእዛዙ ደረሰ፤ ባላምባራስ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኝነት በኋላ ካባቸውን አስረክበው ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ። ለለንደንም አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያ የመጣው መልስ «የተፈታኝ ቁጥርዎ ተሰርዟል» የሚል ነበር።

የስድስት ኪሎውን ትምህርት በጀመሩ ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ሰበታ ሄዱ። እማሆይ የዓለምወርቅ ከገዳሙ ደጅ ካለ ግንብ ላይ ተቀምጠው ተቀበሏቸው። በትዳር ሃያ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰዎች እንደ እንግዳ ተራርቀው ተቀመጡ።

«እማሆይ፣ አንድ የምናዘዘው ነገር አለ።»

«እኔ ካህን አይደለሁም።»

«ለካህኑ ተናግሬዋለሁ። ለእርስዎ ነው ያልተናገርኩት። ያን ጊዜ እርስዎ ስንቅ ይዘው ሲንከራተቱ፣ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት እችል ነበር። ጽፌአለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው ብዬዎት ነበር። አልጻፍኩም።»

እማሆይ የመቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ አሳለፉ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ጽፈው ቢሆን ኖሮ ያነቡልኝ ነበር። ምንም ነገር ሲጽፉ ሳያነቡልኝ ቀርተው አያውቁም።»

«አውቀው ለምን ዝም አሉኝ?»

«እኔስ ምን አደረግሁ? እርስዎን ከባዶ ቤት ጥዬ መጣሁ። የሸሸ ሰው የሸሸውን አይወቅስም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋቸው። «አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳሉ አሉ። እዚያው እሷ የነበረችበት?»

«እዚያው።»

«እግዚአብሔር ያበርታዎት» አሉ እማሆይ፤ ተነሥተውም ወደ ውስጥ ገቡ። ባላምባራስ አውቶቡሱ እስኪመጣ በዚያው ግንብ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ብቸኝነታቸው ቀለለ ቢባል ውሸት ይሆናል። በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ዘመኑ ሰው ሰውን የሚፈራበት ነበርና፣ ጠጉራቸው የሸበተ ዳኛ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጠው ማስታወሻ ሲጽፉ ያየ ሁሉ የተላኩ ሰላይ መሰሉት። ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። በግራና በቀኛቸው ያለው ወንበር ባዶውን ያመሻል። ባላምባራስ ይህን አወቁ፤ አልተቆጡም፤ ልጃቸው በዘመኗ እንዲህ ተጠንቅቃ ቢሆን ኖሮ ብለው አሰቡ እንጂ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ በመምህር ስብሐት ክፍል ውስጥ እጃቸውን አነሡ። መምህሩ ስለ ቁጥር አንድ መቶ ሰባ ሰባት አስተምሮ ሲያበቃ፣ አንድ ተማሪ ሣቅ ብሎ፣ «ይህ ቁጥር ለጌጥ ነው የተቀመጠው፤ ዛሬ ማን ያቀርበዋል?» አለ። ብዙ ዓይን በድንጋጤ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ባላምባራስ ተነሡ።

«እኔ ዳኛ ነበርኩ። ልጄ ተይዛ ሳለ ይህን አቤቱታ ማቅረብ ሲገባኝ አላቀረብኩም፤ ምክንያቴም ልክ አንተ አሁን የተናገርከው ነበር። የሚሰማ የለም ብዬ። የሚሰማ አልነበረም ይሆናል። ቢሆንም እናንተ የምትሠሩ ጊዜ ጻፉት። አትተዉት።»

ተቀመጡ። መምህሩም ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። በሚቀጥለው ቀን ግን አንዲት ሠርካዲስ የምትባል የባንክ ጸሐፊ መጥታ ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ ደብተሯን አኖረችና፣ «ሰው ይዞታል አባባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አልያዘውም» አሉ። እስከ ምርቃታቸው ድረስ እዚያው ተቀመጠች፤ የተነጋገሩት ግን እምብዛም አልነበረም።

ባላምባራስ ዓምሃ በ፲፱፻፹ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ተመረቁ። ከሦስት ዓመት በፊት ተመርቆ ጠበቃ የሆነው ኢታና ከሚስቱ ጋር መጥቶ ጨበጣቸው፤ ከሰበታ የመጣ ሰው አልነበረም። ዲግሪው ወደ ችሎት አልመለሳቸውም፤ ዕድሜያቸው ለጡረታ ተቃርቧል ተብሎ እዚያው መዝገብ ቤት ተተዉ። ሁለት ዓመት ያህል፣ ከሥራ በኋላ፣ የታሰረባቸውን ሰው ፍለጋ ለሚንከራተቱ እናቶች አቤቱታ ይጽፉ ነበር፤ ከጻፏቸው አቤቱታዎች መልስ ያገኙት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። በ፹፪ ክረምት በሳንባ ምች ታመው ጳውሎስ ሆስፒታል ገቡ፤ በሳምንቱም አረፉና በቁስቋም ማርያም ተቀበሩ። ሥርዓቱ የወደቀው በዓመቱ ነው።

ታሪክ በዚያ ዘመን የተሾሙትንና የተሻሩትን፣ የታወጁትንና የተሻሩትን ሕጎች በየወፍራም ጥራዙ መዝግቧል፤ በጉለሌ ወረዳ ፍርድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለፈረደው፣ ለንደንን ትቶ ስድስት ኪሎን ስለመረጠው ሰው ግን የጻፈ የለም። የሰፈራቸው ሽማግሌዎች አልፈው፣ ቤታቸውም ለሌላ ተሰጥቷል። ከዓመታት በኋላ የዚያ ዘመን ግድያ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ከሟቾቹ ዝርዝር ውስጥ በአንዱ ገጽ፣ በአሥራ ሰባተኛው ተራ ቁጥር፣ አንድ ስም ተጽፎ ተነበበ፤ ጽጌረዳ ዓምሃ። ባላምባራስ በሕዝብ ፊት በመዝገብ የተጠሩት በዚያ ብቻ ነው፤ ከልጃቸው ስም ቀጥሎ።